ጢስ የሌለው ሕንፃ፤ በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ላይ የቀረበ ሒስ

በከተማ ዳር ፋብሪካ ሊሠራ ነው ሲባል ሰው ሁሉ ስለ ጢሱና ስለ ፍሳሹ ይጠይቃል። መሥሪያ ቤት ሊሠራ ነው ሲባል ግን የሚጠይቅ የለም፤ እንዲያውም ለከተማው እንደ ጌጥ ይቈጠራል። ይህ ጽሑፍ የሚነቅፈው ይህንኑ አስተያየት ነው። መሥሪያ ቤት ጉዳት የለውም የሚባለው ጉዳቱ ጠፍቶ ሳይሆን የምንጠይቀው ጥያቄ በእርሱ ልክ የተሰፋ ስላልሆነ ነው።

በአገራችን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ራሱን የቻለ ሕግ ያገኘው በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ነው። አዋጁ ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይጀመር ከለከለ፤ ሕዝብም አስተያየቱን እንዲሰጥበት አዘዘ። ይህ የሚመሰገን ነው። የጥናቱ ሪፖርት ሊይዛቸው ይገባል ካላቸው ነገሮች መካከል የሚለቀቀው በካይ ነገር ዓይነትና መጠን፤ ለሥራው የሚያስፈልገው የኃይል ምንጭ፤ አደጋ ቢደርስ የሚወሰደው እርምጃ ይገኙበታል። እነዚህ ጥያቄዎች ለቆዳ ፋብሪካ ልክ ናቸው፤ ለመሥሪያ ቤት ሲቀርቡ ግን መልሳቸው «የለም» ወይም «ጥቂት ነው» ሆኖ ያልቃል። እርግጥ አዋጁ ቀጥተኛ ያልሆነውም ተጽዕኖ እንዲገለጽ ይጠይቃል። በሩ ክፍት ነው ማለት ነው፤ ነገር ግን የሚገባው ሰው ምን መቍጠር እንዳለበት ካላወቀ የበሩ መከፈት ብቻውን ምን ይረባል?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በወገዳ አንድ ባለ ፎቅ መሥሪያ ቤት ሊሠራ ታሰበ እንበል። ጋይንት፤ ስማዳና እስቴ ተዳፋት የበዛባቸው አገሮች ናቸው፤ ስማዳም ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዘቀ ነው። ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ነው። የሕንፃው ጣራና የግቢው ንጣፍ በአንድነት 1,000 ካሬ ሜትር ቢሆን፤ በአንድ ቀንም 40 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል፤ 40,000 ሊትር ውሃ፤ ማለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 2,000 ያህል ይወርዳል። መሬቱ ሣር ሳለ ከዚህ ውሃ አንዱን ክፍል ይጠጣው፤ የቀረውንም ያዘገየው ነበር። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ግን አይጠጡም። ውሃው በአንድ ቦይ ተሰብስቦ ከታች ባለው የገበሬ ማሳ ላይ ይለቀቃል፤ በመጀመሪያው ክረምት ጭረት የነበረው ከጥቂት ክረምት በኋላ ቦረቦር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ አሳዛኝ ልዩነት አለ። መሬቱ ለሕንፃው የተወሰደበት ገበሬ በሕግ ካሳ ይገባዋል። ከታች ያለው ጎረቤቱ ግን መሬቱ በጎርፍ እንጂ በደብዳቤ ስላልተወሰደበት ከመዝገብ አይገባም። የመጸዳጃው ጕድጓድ ከምንጩ በላይ ነው ወይስ በታች? ለመወጣጫ የሚቈረጠው ባሕር ዛፍ፤ ከወንዝ የሚዛቀው አሸዋስ ከማን ደጅ ይመጣል? ጢስ ብቻ የሚፈልግ ግምገማ እነዚህን አያይም።

ይህ የትንሽ ከተማ ጣጣ ብቻ እንዳይመስለን አዲስ አበባን እንይ። 99.9 ሜትር ከፍታ ያለው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በቻይና መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። የተሠራውም «ዓለም በቃኝ» ይባል በነበረው ወህኒ ቤት ቦታ ላይ ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሰዎች፤ አብዛኞቹ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባለሥልጣናት፤ የተረሸኑት በዚያ ግቢ ነበር። ወህኒ ቤት ለምን ፈረሰ ብዬ አላለቅስም። በበካይ ነገር ሚዛን ቢመዘን የመፍረሱ ተጽዕኖ ከምንም አይቈጠርም፤ ከተማው ግን አንድ ምስክር አጥቷል። ኅብረቱም በቦታው የሰብአዊ መብት መታሰቢያ እንዲኖር ማቀዱ ጕድለቱ የተሰማ መሆኑን ያሳያል።

የወገዳው ማሳና የአዲስ አበባው ግቢ የሚገናኙት በዚህ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ትልቁን ተጽዕኖ የሚወስነው ሕንፃው እንዴት ይሠራ የሚለው ሳይሆን የት ይሠራ የሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ቦታው ተመርጦ፤ ፕላኑ ተነሥቶ ካለቀ በኋላ የሚጻፍ ግምገማ የተቈረጠን ነገር ማጽደቂያ ከመሆን አያልፍም።

«ድኻ ወረዳ ለዚህ ሁሉ ጥናት ገንዘብ ከየት ያመጣል?» የሚል ተቃውሞ ይቀርብ ይሆናል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን ከላይ የተነሡት ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ አይሹም። ጎርፍ በየት እንደሚወርድ ከታች የሚያርሰው ገበሬ ያውቃል፤ ምንጩ መቼ እንደሚደፈርስ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ያውቃሉ። ሕዝብ ይጠየቅ የሚለውም ቃል ፍሬ የሚያፈራው ስብሰባው ቦታው ከመመረጡ በፊት፤ በአዳራሽ ሳይሆን በመሬቱ ላይ፤ ቢቻልም በሐምሌ ወይም በነሐሴ ሲደረግ ነው። በበጋ የሚታይ ደረቅ ቦይ ለአጥኚው ምንም አይነግረውም። የጣራ ውሃ ማጠራቀሚያና በድንጋይ የተገነባ ቦይም አስቀድሞ ከታሰበበት ከሕንፃው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የተቦረቦረን ማሳ መመለስ ግን ከባድ ነው።

መሥሪያ ቤት አይሠራ ማለቴ አይደለም፤ ባለጉዳይ ዝናብ ላይ ቆሞ እንዲውል የሚፈልግ የለም። የምለው፤ ሕንፃው ለባለጉዳዩ ጥላ ሲሆን ለጎረቤቱ ጎርፍ አይሁን ነው። ከእኛም መካከል በክረምት ዕረፍት ወደየአገሩ የሚሄድ ተማሪ አንድ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ መርጦ ውሃው ከጣራው ወርዶ የት እንደሚደርስ ተከትሎ ቢመዘግብ፤ ለሚቀጥለው ግምገማ የሚጠቅም የመጀመሪያ ገጽ ጻፈ ማለት ነው።