ሚዛኑስ እንዴት ታሸገ? በኮድ መፈተሻ ላይብረሪዎች ላይ የቀረበ ትችት

ሾላ ገበያ በርበሬ ስትገዙ ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንደኛው ዛላውን መግዛት ነው፤ ቀንጥሳችሁ፣ ቅመሙንና ጨዉን በራሳችሁ ልክ ጨምራችሁ ወፍጮ ቤት ትወስዱታላችሁ። ሁለተኛው የተፈጨውን፣ ያለቀለትን መግዛት ነው። ሁለተኛው ይቀላል፣ ማንም አይክድም። ጉዱ የሚመጣው በርበሬው ውስጥ ጨው እንዳለበት ሳታውቁ ወጡ ላይ የራሳችሁን ስትጨምሩ ነው። ሶፍትዌር ውስጥም ላይብረሪ የሚያሽግ ሰው በየቀኑ የሚያጋጥመው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ከረጢቱ ውስጥ ምን ይግባ? ምን ይቅር? ገዢውስ እንዴት ይወቅ?

ዛሬ የምተቸው አንድ ለየት ያለ የላይብረሪ ዓይነት ነው፤ የመፈተሻ ፋንክሽኖች ስብስብ። ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ፕሮግራመሮች አንድ ፋንክሽን ሲጽፉ፣ እሱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድም ይጽፋሉ። የፍተሻው እምብርት «ይህ ውጤት ከዚያኛው ጋር እኩል መሆን አለበት» የሚል መስመር ነው። እኩል ከሆነ ዝም ይላል፤ ካልሆነ ይጮኻል። ይህ መስመር አሰርሽን ይባላል። ሌላው ኮድ ሸቀጥ ከሆነ አሰርሽን ሚዛን ነው ማለት ነው።

ስለነዚህ ላይብረሪዎች የሚጻፉ ግምገማዎች ብዙውን ጊዜ የሚቆጥሩት የፋንክሽን ብዛት ነው፤ ወይም አጻጻፉ ምን ያህል እንደሚያምር ነው። እኔ ግን የሚያስመሰግናቸውም የሚያስወቅሳቸውም አስተሻሸጋቸው ነው እላለሁ። ምክንያቱም ሸቀጡ ቢበላሽ ሚዛኑ ይነግራችኋል። ሚዛኑ ሲበላሽስ ማን ይነግራችኋል?

የመጀመሪያውን ምሳሌ ከጃቫ ልውሰድ። ጄዩኒት በጃቫ ተጠቃሚዎች ዘንድ እጅግ የታወቀ የመፈተሻ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው 4.4 ቨርዥኑ ላይ «አሰርት ዛት» የሚባል ፋንክሽን አስገባ። ይህ ፋንክሽን የሚሠራው ሃምክረስት ከተባለ ሌላ ላይብረሪ ጋር ነው። ስለዚህ የጄዩኒት አዘጋጆች የሃምክረስትን ክላሶች ወስደው በራሳቸው ጃር ፋይል ውስጥ አብረው አሸጓቸው። ጥቅሙ ግልጽ ነበር፤ አንድ ፋይል አውርዶ ሥራ መጀመር።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? እናንተ አዲሱን የሃምክረስት ቨርዥን ለብቻው ጨመራችሁ እንበል። አሁን ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ክላሶች አሉ፤ አሮጌው በጄዩኒት ሆድ ውስጥ፣ አዲሱ በግልጽ። ጃቫ ደግሞ ክላስ ሲፈልግ በተሰጠው የፋይሎች ቅደም ተከተል መሠረት መጀመሪያ ያገኘውን ነው የሚያነሳው። አሮጌው ከቀደመ፣ አዲሱ ላይ ብቻ ያለውን ሜተድ ስትጠሩ «እንዲህ የሚባል ሜተድ የለም» ብሎ ይወድቃል። ቅደም ተከተሉ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ከተለያየ፣ አንድ መስመር ኮድ ሳይቀየር ያው ፍተሻ እዚህ ያልፋል፣ እዚያ ይወድቃል። ይኸው ነው ጨው ላይ ጨው!

ለፍትሕ ያህል፣ ሃምክረስት ያልገባበት ሌላ የጄዩኒት ፓኬጅም ጎን ለጎን ይቀርብ ነበር። ግን እኮ ሰው የሚያወርደው መጀመሪያ የተቀመጠለትን ነው። ጥንቃቄን ለአዋቂዎች ብቻ ትቶ ወጥመዱን ለጀማሪ ማቅረብ ጥሩ አስተሻሸግ አይደለም። አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በ4.11 ቨርዥን ሃምክረስትን ከጃሩ አውጥተው በግልጽ የሚጠቀስ ጥገኛ አደረጉት። በ2017 የወጣው ጄዩኒት 5 ደግሞ ባሰ፤ ሃምክረስትን የሚቀበለውን «አሰርት ዛት» ጭራሽ ተወው፣ የምትፈልጉትን ላይብረሪ ራሳችሁ ምረጡ አለ። ውሳኔው ትክክል ነው ባይ ነኝ፤ ጊዜ ፈጀ እንጂ።

በአንጻሩ ሃምክረስት ራሱ ብዙ ቁራጭ ሆኖ ይሰራጭ የነበረውን የራሱን ጃር በ2.x ቨርዥኖቹ ወደ አንድ ሰብስቦታል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። የራስን ዕቃ በአንድ ከረጢት መሰብሰብ ሥርዓት ነው፤ የሌላውን ዕቃ ምልክቱን ሳያሳዩ መክተት ግን ገዢውን ማሳሳት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከፓይተን ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ያስፈራል። ፓይቴስት የተባለው መሣሪያ ተወዳጅ የሆነበት አንዱ ምክንያት፣ ተራውን የፓይተን «አሰርት» ዓረፍተ ነገር ከመተርጎሙ በፊት እንደገና ጽፎት፣ ፍተሻው ሲወድቅ የግራና የቀኙን ዋጋ ዘርዝሮ ስለሚያሳይ ነው። ይህን የሚያደርገው ግን ለፍተሻ ፋይሎችና እሱ ለሚያውቃቸው ተጨማሪ ክፍሎች ብቻ ነው። የመፈተሻ ፋንክሽኖቻችሁን ወደ ተለየ ላይብረሪ አውጥታችሁ ካሸጋችኋቸው፣ ላይብረሪው እንደገና እንዲጻፍ አስቀድማችሁ ካላስመዘገባችሁ በስተቀር አያያቸውም። ያን ጊዜ ፍተሻው ሲወድቅ የምታገኙት ባዶ «ወድቋል» ብቻ ነው። ምን ከምን ጋር እንዳልተስማማ አይነግራችሁም።

የባሰም አለ። ፓይተን በትልቁ «ኦ» ፊደል የሚጠራ የማቅለያ አማራጭ አለው። በዚህ አማራጭ ሲነሳ «አሰርት» የሚሉትን መስመሮች በሙሉ ይጥላቸዋል። ፓይቴስት ያልጻፋቸው፣ ላይብረሪያችሁ ውስጥ የቀሩት አሰርቶች እንዳልነበሩ ይሆናሉ፤ ፍተሻው ግን አረንጓዴ ያበራል። አሸዋ ብትጭኑበትም ጤፍ ብትጭኑበትም «ልክ ነው» የሚል ሚዛን አስቡ። ፓይቴስት በዚህ ሁኔታ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ማስጠንቀቂያ የሚያነብ ካለ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ላይብረሪ ውስጥ «አሰርት» በሚለው ቃል አትመኩ፤ ሁኔታውን በ«ኢፍ» ፈትሻችሁ ስህተቱን ራሳችሁ በግልጽ አስነሱ፣ የተጠበቀውንና የተገኘውንም በመልእክቱ ውስጥ ጻፉ። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ዩኒትቴስት የእኩልነት ፍተሻውን የሚሠራው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ያ አማራጭ አይነካውም። አጻጻፉ ትንሽ ያረጀ ይመስላል፣ ግን ሚዛኑ አይጠፋም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። አማርኛ የሚነካ ፕሮግራም ከሠራችሁ ተራው እኩልነት እንደማይበቃችሁ ታውቃላችሁ። ለምሳሌ ሾላ ያለች አንዲት ነጋዴ የዱቤ መዝገቧን በስልኳ ይዛለች እንበል። ደንበኛዋን «ፀሐይ» ብላ መዘገበች፣ ልጇ ደግሞ «ጸሀይ» ብሎ ፈለገ። ለጆሮ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ጸ በዩኒኮድ 1338፣ ፀ ደግሞ 1340 ነው፤ ሐ 1210፣ ሀ 1200። የዩኒኮድ የማመሳሰያ ሕጎችም እነዚህን ፊደላት አንድ አያደርጓቸውም። ዕዳው ከመዝገቡ «ጠፋ» ማለት ነው።

ቀኑም እንዲሁ። ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ የሚቆጥር ኮድ ከአራት ዓመት በሦስቱ ያልፋል። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነበር፤ በዚያ ቀን ሌላው ኮድ መስከረም 1 ብሏል።

ስለዚህ «በድምፅ እኩል ነው»፣ «ትክክለኛ የኢትዮጵያ ቀን ነው» የሚሉ የመፈተሻ ፋንክሽኖች ያስፈልጉናል። ቀላሉ መንገድ ከአንዱ ፕሮጀክት ወደ ሌላው መገልበጥ ነው። ነገር ግን የተገለበጠ ሚዛን አንዱ ጋ ሲታረም ሌላው ጋ እንደተንጋደደ ይቀራል። ቨርዥን ተሰጥቶት በትንሽ ፓኬጅ መታሸግ አለበት።

ያ ፓኬጅ ሲታሸግ ደግሞ አንድ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ልዝቡን እኩልነት «እኩል» በሚለው ተራ ስም ውስጥ መደበቅ። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል ነው፤ «ሰአሊ» በግእዝ ለምኚ ማለት ነው። ሁለቱን በዝምታ አንድ የሚያደርግ ፋንክሽን ለዱቤ መዝገብ ይጠቅም ይሆናል፤ ለመዝገበ ቃላት ወይም ለብራና ጽሑፍ ሥራ ግን ስህተትን እያለፈ «ልክ ነው» ይላል። ስለዚህ «በፊደል እኩል» እና «በድምፅ እኩል» ሁለት ስም፣ ሁለት ፋንክሽን ይሁኑ። የቱን እንደመረጠ ፈታሹ ራሱ ይጻፈው፤ አንባቢውም ይየው።

እንግዲህ የመፈተሻ ላይብረሪ ስትመርጡ ወይም ስታሽጉ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሳይነግረኝ ያስገባው የሌላ ሰው ዕቃ አለ ወይ? ሲወድቅ ምን ከምን ጋር እንዳልተስማማ ይነግረኛል ወይ? ሊጠፋ የሚችልበት ሁኔታስ አለ ወይ? የመጨረሻውን ለማወቅ ማንንም ማመን አያስፈልግም። ሆን ብላችሁ የተሳሳተ መልስ ስጡት፤ ለምሳሌ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ትክክለኛ ቀን ነው በሉት፤ 2016 ጳጉሜዋ 5 ናትና። ከዚያ ፓኬጁን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ፣ በማቅለያ አማራጩም ያለ አማራጩም አስነሱት። በሁለቱም መጮኽ አለበት። አንዱ ላይ ዝም ካለ፣ የፋንክሽኑ ብዛትም የአጻጻፉ ውበትም አያድነውም።