ሸክላና ለቅሶ፤ ስለ መታሰቢያ አሠራር የቀረበ ሂስ

በጦርነት ላለቁ ሰዎች በብዙ እጅ ከሸክላ የሚሠራ መታሰቢያ በአውሮፓ ታይቷል። በስፋቱ ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 በቤልጂክ አገር፣ በኢፕር ከተማ አጠገብ የተዘረጋው ነው። ሠዓሊው ኩን ፋንሜኸለን የነደፈውን ጎንበስ ያለ ሰው ቅርጽ ሕዝቡ ከ2014 ጀምሮ እየሠራ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በዚያ ምድር ለሞቱት 600,000 ሰዎች ለያንዳንዱ አንድ ምስል ተሠራ፤ የሟችና የሠሪ ስምም በአንድ ሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ ተደረገ። የሥራው ደግነት ወዳጅና ጠላት ሳይለይ ሁሉን መቁጠሩ ነው። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል፤ ቅርጹ አንድ ስለ ሆነ ስም ቢጻፍም መልክ አይታይም።

በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ቤተ መዘክር መንገዱ ሌላ ነው። በዚያ የሟቾቹ ፎቶግራፍ፣ ዐፅምና ልብስ ስለሚታይ መልክ አልጠፋም፤ ነገር ግን ጎብኚው ያያል እንጂ አይሠራም።

የደብረ ታቦር ደጋ ሰው ሁለቱን የሚያስማማ ሥርዓት አለው፤ ይኸውም ለቅሶ ነው። አልቃሿ ግጥም ታወርዳለች፤ ለቀስተኛው ይቀበላል፣ የራሱንም ይጨምራል፤ ሟቹም በስሙና በሙያው ይነሣል። እንግዲህ በብዙ ሰው የሚሠራ መታሰቢያ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ሸክላው ነው። በጎንደር አገር ሸክላ ሠሪ ቡዳ እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። በሙያው የታወቁት የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል። አገሬው እንስራውን ሲወስድ ከሠሪዋ ግን ይርቅ ነበር።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ጎንደር ዘልቆ ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ተመታች፤ ሰላማውያን ሰዎችም ሞቱ። ለነዚህና ከዚያ ወዲህ በክልሉ ለወደቁት የሸክላ መታሰቢያ ይሠራ የሚል ቢነሣ፣ ሥራውን የምመዝነው በሦስት ነገር ነው። ሸክላ ሠሪዋ በመምህርነት ወንበር ትቀመጣለችን? የአልቃሿ ቃል ከምስሉ ጋር ይኖራልን? የባላጋራውስ ሟች ይቈጠራልን? ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ኀዘኑ ገና ትኩስ ነውና። ቢሆንም እሱ የተተወ እንደ ሆነ፣ የቆመው የአንድ ወገን ሐውልት ይባላል እንጂ የአገር ለቅሶ አይባልም።