በክፍል ስላልተገኙት ልጃገረዶች

በሁለተኛ ደረጃ ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለማጥናት የሚነሣ ጓደኛችን መንገዱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። የጥያቄ ወረቀቱን ይዞ ክፍል ይገባል፤ ለተቀመጡት ያከፋፍላል፤ የወንዶቹን በአንድ ወገን፣ የሴቶቹን በሌላ ወገን ደምሮ ያነጻጽራል፤ በመጨረሻም የሴቶቹ የትምህርት ፍላጎት ዝቅ ያለ ነው ብሎ ይፈርዳል። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንፍራንዝ ላይ ያደረግነው ይህንኑ ስለ ሆነ ትችቱን ከራሳችን እንጀምራለን።

እንፍራንዝ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከዐፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎች ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከወላጆቻቸው ዘንድ እየተሸከሙ ይማራሉ። ወረቀቱን ያከፋፈልንበት ዕለት የገበያ ቀን ነበርና የሴቶቹ መቀመጫ ሳስቶ አገኘነው። «ቀሪ» ብለን መዝግበን አለፍን። ለምን ቀሩ ብለን የጠየቅነው ከተመለስን በኋላ ነው፤ ያውም እርስ በርሳችን። ከወንድሞቿ ጋር በአንድ ክፍል የምትኖር ልጅ ደብተር የምትገልጠው ውሃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ ከጨረሰች በኋላ ነው። የእኛ ወረቀት ግን «በቀን ስንት ሰዓት ታጠናለህ?» ይላል፤ አንቀጹ እንኳ የወንድ ነው።

ጃኔት ሃይድ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ በ2005 እ.ኤ.አ. 46 የጥናት ማጠቃለያዎችን መርምረው፣ በሁለቱ ጾታዎች መካከል ከተለኩት ልዩነቶች 78 በመቶው አነስተኛ ወይም ከምንም የማይቈጠር መሆኑን አሳይተዋል። እንግዲያስ በክፍል ውስጥ ሰፍቶ የታየን ልዩነት ከክፍሉ ውጭ መፈለግ ይገባል።

እንዲህ ያደረገ ሥራ በቅርባችን አለ። በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የተሞከረውን «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም የመረመሩት አናቤል ኤሩልካርና ዩኒስ ሙተንጊ ያገቡትንም ያላገቡትንም፣ የሚማሩትንም የቀሩትንም ጠይቀዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ውጤት እንደሚለው፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች በትምህርት ጸንተው፣ ጋብቻቸውም ቀንሶ ተገኝቷል። ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን ለንጽጽር ከተወሰደው ቀበሌ ልጃገረዶች ይልቅ አግብተው ተገኙ። ይህ የሁለተኛ ደረጃ ዕድሜ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ለፕሮግራሙ የማይመቸውን ውጤት ሳይደብቁ ማተማቸውን እናመሰግናለን፤ ልጃገረዶቹን ክፍል ውስጥ ብቻ ቢፈልጓቸው ኖሮ ይህን ባላዩም ነበር።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት አድርጎት ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ሁለቱንም በ18 አስተካከለ። ኑሮው ግን ገና አልተስተካከለምና፣ የሴት ተማሪን «ፍላጎት» የሚለካ ሁሉ አስቀድሞ በቤቷ ምን እንደ ታሰበላት ቢጠይቅ ይሻላል።

የእንፍራንዙ ወረቀቶች አሁንም በእጃችን አሉ። የቀሪዎቹን ስም ግን ከመዝገቡ አልገለበጥንም።