የቅርጫ ጠዋት
ዶሮው የየቤቱ ነው፤ በሬው ግን የሰፈሩ። ለአንድ ቤተሰብ የማይቀመስ ዋጋ ስምንትም አሥርም ሆነው ሲካፈሉት ይቻላል። ከ55 ቀን ጾም በኋላ፣ በፋሲካ ማለዳ፣ ግቢው ውስጥ ቅጠል ይነጠፋል፤ ቢላ ይሳላል፤ ጭቅጭቁም ይጀመራል። «ያኛው መደብ አጥንት በዝቶበታል!» «ሻኛው ለሁሉም ደርሷል?» አንዱ ሽማግሌ ከዚህ ቁራጭ አንስተው ወደዚያ ይጨምራሉ። ሚዛን የለም፤ ዓይን ይበቃል።

እኔ ከሥጋውም አብልጬ የምወደው ዕጣውን ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ምልክት ያዋጣል፦ ስንጥር፣ ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ ያገኘውን። የማን የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ ይጠራና በየመደቡ ላይ ጣል ጣል ያደርጋል። ከዚያ ወዲያ ማጉረምረም ነውር ነው (በሆድ ግን ማን ይከለክላል?)። ዓመቱን በአጥር ጉዳይ ተኳርፈው የከረሙ ጎረቤታሞች እንኳ ያን ጠዋት አንድ ብልት ግራና ቀኝ ይዘው ያስቆርጣሉ። ልኳንዳ ቤት ተሰልፎ በኪሎ የሚገዛም ሥጋውን አያጣም፤ ይህን ወግ ግን ማንም አይመዝንለትም።

ጉበቱና ጨጓራው ለዱለት ቀድሞ ወደ ቤት ይሮጣል። ድሮማ ጠላው ሲቀዳ የቆዳው ሽያጭ ክርክርም ይነሣ ነበር።