«ሰዓት» ያልሆነው ሰዓት፦ ስለ አቶም ድግግሞሽ ዋቢ አሰያየም

በሙያ ቃላት ሥራ ዋናው ችግር የቃል እጥረት ነው ሲባል ይሰማል። ይሁን እንጂ የሚጎዳን እጥረቱ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ቃል ብዙ ጽንሰ ሐሳብ ተሸክሞ መገኘቱም ነው። ለዚህ ጥሩ አስረጂ የሚሆነው «አቶሚክ ሰዓት» የሚለው ስያሜ ነው።

ስያሜው ከሚሰጣቸው መሣሪያዎች አንዱ መዳፍ ላይ የሚያርፍ የሩቢዲየም ሣጥን ነው። ለተንቀሳቃሽ ስልክ ጣቢያዎች ተሠርቶ ያገለገለው፣ ከጣቢያው ሲነሣ በዝቅተኛ ዋጋ ለኤሌክትሮኒክስ አማተሮች ይሸጣል። ከዚህም ያነሰ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ልቡ የሩዝ ፍሬ የሚያህል በሲዚየም የሚሠራ መሣሪያ አሳየ፤ በ2011 የዚሁ ዓይነት መሣሪያ ለገበያ ቀረበ። የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላታችን በ1989 ዓ.ም. የታተመ በመሆኑ፣ እነዚህን የመሰየሙ ዕዳ በእኛ ላይ ወድቋል።

አሠራሩ ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። በሣጥኑ ውስጥ ኳርትዝ ይነዝራል። ንዝረቱ ተባዝቶ በሰከንድ 6.8 ቢሊዮን ያህል ሲደርስ በሩቢዲየም ተን ላይ ይለቀቃል። ቁጥሩ ከአቶሙ የተፈጥሮ ንዝረት ጋር ሲገጥም በተኑ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ይደበዝዛል፤ ይህንን ምልክት እየተከተለ ኳርትዙ ይስተካከላል። ከሣጥኑ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ምት ነው። መልክ የለውም፤ ቆጣሪ እጅ የለውም፤ ስንት ሰዓት እንደሆነም አይናገርም።

የመጀመሪያው ነቀፌታ እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ሰዓት» የቀኑን ክፍል፣ የጊዜን ነጥብና የእጅ ወይም የግድግዳ መሣሪያን በአንድነት ያመለክታል። በዕለት ንግግር ዐውዱ ይለየዋል፤ በሙያ መመሪያ ግን አይለየውም። «አቶሚክ ሰዓቱን ከመሣሪያው ጋር አገናኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር ያነበበ ጀማሪ ጊዜ የሚነግር ዕቃ ይፈልጋል። የተባለው ግን የሌሎች መሣሪያዎች ንዝረት የሚመሳከርበት ምንጭ ነው።

ሁለተኛው «ደረጃ» ነው። ከላይ በጠቀስነው ተቋም ስምም ሆነ በአገራችን የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ስም ቃሉ በጽሑፍ የወጣን መስፈርት ያመለክታል፤ በዚያ ቦታው ያስመሰግናል። «የድግግሞሽ ደረጃ» ሲባል ግን ከፍታና ዝቅታ፣ ማለትም የድግግሞሹ መጠን፣ ይመስላል። ስለዚህ «ዋቢ» የሚለው የተሻለ ነው። ዋቢ ጥርጥር ሲነሣ የሚጠየቅ፣ ቃሉም የሚታመን ነው፤ «ዋቢ መጻሕፍት» በማለትም ለምደነዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ «የአቶም ድግግሞሽ ዋቢ» የሚለውን ያቀርባል።

«ድግግሞሽ» ራሱም ከነቀፌታ አያመልጥም። ከ«ደገመ» የወጣ በመሆኑ ስንት ጊዜ እንደተደገመ እንጂ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደተደገመ አይናገርም፤ እኛም የቋንቋ ሰዎች ለቃላት ቆጠራ እንጠቀምበታለን። ቢሆንም በትምህርት መጻሕፍት ሥር ሰድዷል፤ «በሰከንድ» የሚለው በፍቺው ውስጥ ከገባ ይበቃል። መታረም ያለበት «በ97.1 ሞገድ» የሚለው አነጋገር ነው። 97.1 ሜጋ ኸርዝ ድግግሞሽ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 3.09 ሜትር ያህል ነው። አንዱ ሲያድግ ሌላው የሚያንስ ሁለት ነገር በአንድ ስም ሊጠራ አይገባም።

ሦስተኛው የ«ትክክለኛነት»ና የ«ጽናት» መደባለቅ ነው። ከወግዲም ሆነ ከመካነ ሰላም ገበያ እህል የሚሸምት ሰው ልዩነቱን ያለ መምህር ያውቀዋል። ሁልጊዜ አንድ እፍኝ የሚያጎድል ቁና ጽኑ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ሩቢዲየምም እንዲሁ ነው። የሩቢዲየም 87 አቶም በየትም አገር አንድ ቢሆንም፣ አብሮት በብልቃጡ የታሸገው ጋዝ ንዝረቱን በጥቂቱ ያዛባዋል፤ በዕድሜም ብዛት ይንሸራተታል። ስለዚህ በጽናቱ ቢመሰገንም ከሌላ ዋቢ ጋር መመሳከር አለበት። ሁለቱን ቃላት አንድ ያደረገ ተርጓሚ አንባቢው ይህን ማመሳከር እንዲተው ያደርገዋል።

ማመሳከሪያው አብዛኛውን ጊዜ የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይት ነው፤ በሳተላይቱ ላይ የአቶም ዋቢዎች አሉና። በዚህ መንገድ የሚመራውን ነዛሪ እንግሊዝኛው ሥርዓት እንደ ያዘ ሰው አድርጎ ይጠራዋል። «ሥነ ሥርዓት የተማረ ነዛሪ» ብሎ መተርጎም ግን ያስቃል። የደጋው ገበሬ ወይፈኑን ከለመደ በሬ ጋር ጠምዶ ይገራዋል፤ ወይፈኑ በራሱ ጉልበት ይስባል፣ አካሄዱን ግን ከጎኑ ካለው ይማራል። የሚሆነው በትክክል ይኸው ስለሆነ «የተገራ ነዛሪ» እንበል።

በአንጻሩ ነባር የሆነ ሁሉ ይበጃል ማለት አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ዕለት 60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስ 60 ካልዒት ነው። ካልዒትም ሆነ ሰከንድ በየቋንቋቸው «ሁለተኛ» ማለት በመሆናቸው ካልዒትን ለሰከንድ መስጠት ያጓጓል። ነገር ግን አንዱ ካልዒት 24 ሰከንድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ሰከንድ በሲዚየም 133 አቶም 9,192,631,770 ንዝረት የተወሰነ ስለሆነ፣ ለሊቃውንቱ ልካቸውን ትተን ሰከንድን በውሰት ስሙ መጥራት ይሻላል።

ጉዳዩ የቃል ጨዋታ አይደለም። በአምስት ኪሎ ባለው የአማተር ራዲዮ ክለብ፣ በጥሪ ምልክቱ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ.፣ የሚሠለጥን ወጣት ማሠራጫው ከተፈቀደለት ድግግሞሽ አለመውጣቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል። መመሪያውን በአማርኛ የምናቀርብለት ከሆነ ሰዓትን ከዋቢ፣ ሞገድን ከድግግሞሽ፣ ጽናትን ከትክክለኛነት ለይተን መስጠት ግዴታችን ነው። ስለሆነም ለእያንዳንዱ ቃል አቻ ከመፈለግ በፊት ነገሩ ምን እንደሚሠራ በአማርኛ ፍቺ ይጻፍ፤ ስያሜው ከፍቺው ይውጣ።