ኪቦርድ ላይ ቅላጼ ፍለጋ

ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ እሠራለሁ፤ በአዘቦት ቀን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በሚገኘው ቤቴ ልጆች አስተምራለሁ። የእኔ ዓይነት ሰው ዘፈን ሲያምረው ጆሮው ወዲያው ሥራ ይጀምራል። ቅኝቱን ይለያል፣ ባሱ የት እንደገባ ያዳምጣል፣ ያቺ የምታምረው ነገር በየትኛው ጣት እንደተመታች ይገምታል። ስለዚህ በቅርብ ጊዜ አግኝቼ ስለወደድኳቸው ሙዚቃዎች ሳወራ ስለ ሥራዬ ማውራቴ አይቀርም። ሁሉንም የወደድኳቸው ለአንድ የቆየ ጥያቄዬ መልስ ይዘው ስለመጡ ነው፦ ድምፁ በማይታጠፍ መሣሪያ ላይ የአበሻ ቅላጼ እንዴት ይወጣል?

ችግሩን ላስረዳ። ማሲንቆ ያለው አንድ ጅማት ነው፤ የአዝማሪው ጣት ግን በዚያ ላይ እየተንሸራተተ ከድምፅ ወደ ድምፅ ይሄዳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያስለቅሳል። ዋሽንትም በትንፋሽና በጣት ድምፁን ያጎነብሳል። ክራር የሚቃኘው በተጫዋቹ ጆሮ ስለሆነ የአንዱ አንቺሆዬ ቅኝት ከሌላው በጥቂቱ ይለያል፤ ልዩነቱም ያምራል። ፒያኖና ኪቦርድ ግን አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ቦታ ከፍለው ጨርሰዋል። ቁልፉን ስትነካው የሚወጣው ድምፅ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ብትለምነውም ንቅንቅ አይልም። እርግጥ ዘመናዊ ኪቦርድ ድምፁን የሚያጥፍ ፒች ቤንድ አለው፤ ስኬሉን ለመቃኘት የሚፈቅዱም አሉ። ሆኖም ግራ እጅህ ፒች ቤንዱ ላይ ከዋለ ኮርዱን ማን ይይዝልሃል?

ኮርዱም የራሱ ጣጣ አለው። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ዶ ሜጀርም ላ ማይነርም ከውስጡ ሙሉ ሆነው ይወጣሉ፤ ግራ እጅ አይቸገርም። አምባሰል ግን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። መነሻው ላይ ኮርድ ልያዝ ብትል ሦስተኛው ድምፅ ቅኝቱ ውስጥ የለም፤ ሜጀር ነው ማይነር ነው ማለት አትችልም። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ስለሆነ አምስተኛው ድምፅ እንኳ ከቦታው ወርዷል። ኪቦርዱ ላይ የተጫነው ስታይል፣ ማለትም በራሱ የሚያጅበው ምት፣ ይህን ሁሉ አያውቅም። በአንድ ጣት ስትነካው ሙሉ ኮርድ አሟልቶ ያቀርብልሃል፤ ቅኝቱ የማያውቀውን ድምፅም መርቆ ይጨምርልሃል። ሰርግ ቤት ሕዝቡ እስክስታው ላይ ስለሆነ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ጥግ የተቀመጡት ጆሯቸው የተሳለ ሽማግሌ ግን ፊታቸውን ያጠቁራሉ።

ይህን ጥያቄ ይዤ እየዞርኩ ሳለሁ ነው የኃይሉ መርጊያን "ሸሞንሟናዬ" በደንብ ያዳመጥኩት። ጋሽ ኃይሉን በዋልያስ ባንድ ኦርጋናቸው የማያውቅ ኪቦርድ ተጫዋች የለም። የ1977ቱ "ቼ በለው" እስከ ዛሬ ለእኛ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዋልያስ በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሄደ፤ ከአባላቱም ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ። ጋሽ ኃይሉ በ1985 ያለ ባንድ ብቻቸውን "ሸሞንሟናዬ"ን ቀረጹ፤ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ደራረቡ። ካሴቱ ወጥቶ፣ ተሰምቶ፣ በጊዜው ተረሳ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አንዱን ቅጂ አገኘ፤ በ2013 "ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ" በተባለው አሳታሚው እንደገና አወጣው። ጋሽ ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዓለም መድረኮች ጠሯቸው፤ በ2018ም "ላላ በሉ" የተባለውን አዲስ አልበም አወጡ።

ከዚህ ካሴት የተማርኩት አኮርዲዮኑን ነው። አኮርዲዮን እንደ ፒያኖ ቁልፍ አለው፤ ድምፁም አይታጠፍም። ነገር ግን ወናፍ አለው። ጋሽ ኃይሉ አንዱን ድምፅ ይዘው በወናፉ ያሳድጉታል፣ ያከስሙታል፤ ድምፁ ካለበት ሳይነቃነቅ የሚነቃነቅ ይመስልሃል። ሌላው የጊዜ ነገር ነው። የከበሮ ማሽኑ እንደ ሰዓት ይመታል፤ እሳቸው ከማሽኑ ትንሽ ዘግየት ብለው ይደርሳሉ። ዘፋኝ ግጥሙን ከምቱ ኋላ ጎተት አድርጎ እንደሚጥለው ማለት ነው። ማሽኑ ባይኖር ያ መዘግየት እንዲህ ጎልቶ ላይሰማኝ ይችል ነበር።

ሁለተኛው ግኝቴ ከፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት ከእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነው። የእማሆይ ፒያኖ ለእኔ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ታትሞ ገቢው ለችግረኞች መርጃ ውሏል፤ በ2006 ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው "ኢትዮጲክስ" ተከታታይ እትም 21ኛው ቅጽ የእሳቸው ሆነ። አዲስ የሆነብኝ በ2024 "ሱቬኒርስ" ተብሎ የወጣው ነው። እማሆይ በመጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ መሆኑ ነው። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ላይ እቤታቸው በቴፕ የቀዷቸው ሥራዎች ናቸው፤ ፒያኖ እየመቱ በአማርኛ ያዜማሉ። ከውጭ የወፍ ድምፅ ይገባል።

ለዓመታት የእማሆይን ፒያኖ ስሰማ እነዚያ ከዋናው ድምፅ በፊት ዱብ ዱብ የሚሉት ትንንሽ ድምፆች ከየት እንደመጡ እጠይቅ ነበር። ከአውሮፓው ክላሲካል ነው የሚል ግምት ነበረኝ፤ ወጣትነታቸው ስዊዘርላንድ በትምህርት፣ ካይሮም በቫዮሊን ጥናት ስላለፈ ግምቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። "ሱቬኒርስ" ላይ ድምፃቸውና ፒያኖው ጎን ለጎን ሲሄዱ መልሱ ይወጣል። ድምፃቸው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚንሸራተትበት ቦታ ላይ ጣታቸው እነዚያን ትንንሽ ድምፆች ይጥላል። ፒያኖው መንሸራተት ስለማይችል መንገዱን በደረጃ ከፋፍለው ይወጡታል። ደረጃዎቹም እዚያው ቅኝቱ ውስጥ ካሉት ድምፆች የተወሰዱ ናቸው፤ አጠገብ ያለው ቁልፍ ሁሉ አይነካም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቅላጼ ለማውጣት ብለን ግማሽ ድምፅ ወደ ጎን እንነካለን፣ ያን ጊዜ ትዝታው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል።

ይህ አካሄድ ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ጋር የሚዛመድ ይመስለኛል። እማሆይ በምንኩስና ሕይወታቸው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ቀርበው አውቀዋል። የዜማው ምልክቶች፣ ይዘት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት እና ሌሎቹ፣ ድምፁ እንዴት እንደሚሄድ ያሳያሉ፤ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚንከባለል። የካ አባዶ ላይ ጠዋት በድምፅ ማጉያ ቅዳሴ ይሰማል። ያን እየሰማሁ ኪቦርዱን ድምፁን ዝቅ አድርጌ ካህኑ የሄዱበትን መንገድ በጣቴ እከተላለሁ። የሚከብደው ትክክለኛውን ቁልፍ ማግኘት አይደለም፤ ቁልፉ ላይ መቼ እንደሚደረስ ማወቅ ነው።

እነዚህን ቅጂዎች የማዳምጠው እቤት ነው፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ምንም እንደማይደብቅ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት በሩን አንኳኩ። ድምፁ በዝቶባቸው መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ ስል፣ "ልጄ፣ ያቺን መነኩሲት እስቲ መልሰህ አሰማኝ" አሉኝ። ቁጭ ብለው ሰሙ። "ፒያኖው ራሱ ያንጎራጉራል እኮ" ብለው ሄዱ። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ እኔ ስደክምበት የኖርኩትን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ሦስተኛው አድማስ ባንድ ነው። ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሄኖክ ተመስገንና አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታ ያሉበት ይህ ስብስብ በ1984 ዋሽንግተን ላይ "ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ" የሚል ሸክላ አወጣ፤ በ2020 ዳግም ታተመ። ሲንተሳይዘር፣ የከበሮ ማሽን፣ ሃይላይፍ፣ ሳምባ፣ ሬጌ አንድ ላይ ገብተዋል። ስሰማው መጀመሪያ የፈራሁት ቅኝቱ በዚህ ሁሉ ሪትም መሐል ይጠፋል ብዬ ነው። አልጠፋም። የዜማው ሐረግ ሲያልቅ የሚያርፍበት ድምፅ ስላልተነካ፣ ከሥሩ ሳምባ ቢመታም ጆሮ አገሩን ያውቃል። ሄኖክና አበጋዝ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ጃዝአምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤትን ካቋቋሙት መካከል መሆናቸውን ስታስቡ፣ ያ የስደት ሙከራ ዛሬ እዚህ የሚጫወተውን ትውልድ እንደነካ ይገባችኋል።

ማወዳደሪያ ይሆነኝ ዘንድ ወደ ሳክስፎንም ሄድኩ፤ ምክንያቱም ሳክስፎን እኛ የምንመኘውን ሁሉ ይችላል፣ ድምፁ ይታጠፋል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን ወደ ቴነር ሳክስፎን ያመጡ ሰው ናቸው። የ1972 አልበማቸው ይታወቃል፤ በ2006 "ዘ ኤክስ" ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር "ሞዓ አንበሳ"ን ሠርተዋል፤ በ2016 አርፈዋል። ሽለላቸውን በኪቦርድ ለማውጣት ተቀምጬ ስሠራ የድምፁን መታጠፍ ትቼ ትንፋሻቸውን ብቻ ተከተልኩ። ሸላዩ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ላይ እጄን አነሳሁ፤ በአንድ ትንፋሽ በሚለው ልክ ሳላቋርጥ መታሁ። ፒች ቤንዱን ሳልነካ ሽለላ ሽለላ አለ። ኪቦርድ ትንፋሽ ስለማያጥረው ተጫዋቹ ማቆም ይረሳል። ማቆም ግን የቅላጼው ግማሽ ነው።

እነዚህን ሁሉ ስደምራቸው መልሱ ወደ አንድ ቦታ ይመጣል። የፒያኖን ቁልፍ አማርኛ ያናገሩት ሰዎች ድምፁን ለማጠፍ አልታገሉም፤ የሠሩት በጊዜ ነው። መዘግየት፣ መቅደም፣ ማሳደግ፣ ማክሰም፣ ዝም ማለት፣ ትንፋሽ መውሰድ። መሣሪያው በድምፅ የነፈጋቸውን በጊዜ አስከፈሉት። ስለዚህ "ኪቦርድ የአበሻ ሙዚቃ አይችልም" የሚለውን የቆየ ክርክር አልቀበልም። ያልቻለው ስታይሉን ከፍቶ እጁን የሚያሳርፈው ተጫዋች ነው።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ የማስተማሪያ መንገዴም ተቀይሯል። ወደ እኔ የሚመጣ ልጅ መጀመሪያ ቁልፍ አይነካም፤ ዘፈኑን በአፉ ያንጎራጉራል። "ጋሼ፣ እኔ ድምፅ የለኝም እኮ" የማይል የለም። ድምፅህ አይደለም የምፈልገው፣ የት እንደምትተነፍስ ማየት ነው የምፈልገው እለዋለሁ። ከዚያ በአንድ እጅ፣ ያለ ኮርድ፣ ያለ ስታይል ያወጣዋል። የጭክጭካውን ምት በእግሩ ይመታል። ስድስት ለስምንት ነው ብዬ በወረቀት ብነግረው ይቆጥረዋል፤ ሁለትም ሦስትም ሆኖ አብሮ መሄዱን ግን እግሩ ካልያዘው አይገባውም። ኮምፒውተር ላይ ኳንታይዝ አድርገህ ምቱን ቀጥ ካደረግኸው ጭክጭካው ወታደር ይሆናል። ኮርድ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው፤ አምባሰልና አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙሉ ኮርድ አንጨምርም። መነሻውን ድምፅ በባስ ይዘን እንተወዋለን፤ የክራር ተጫዋች አንዱን ክር ክፍት ትቶ እንደሚደጋግመው። መብራት የጠፋ ዕለት ትምህርቱ አይቀርም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ክራር አውርደን እንቀጥላለን። እንዲያውም ክራሩ ላይ ያሳለፈ ልጅ ኪቦርዱ ላይ ሲመለስ እጁ ይቆጠባል።

ካነሳኋቸው ሙዚቃዎች አብዛኞቹ ወደ እኔ የደረሱት ፈረንሳይ ወይም አሜሪካ ላይ ከታተሙ በኋላ ነው። ላሳተሟቸው ምስጋና ይገባል። ነገር ግን የባሕር ዳሩ ካሴት ሲገኝ የተገኘው እዚሁ አገራችን ውስጥ ነበር። በየኮንዶሚኒየሙ፣ አልጋ ሥርና በረንዳ ላይ፣ ቤት ሲቀየር ከእቃ ጋር ተጭነው የመጡ የካሴት ካርቶኖች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ተማሪዎቼ አንዳንዴ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ካርቶኑን ከመጣላችሁ በፊት ለአንድ ሙዚቀኛ አሳዩት፤ ቴፕ ባይኖራችሁ እንኳ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ሰው አይጠፋም። እናንተ ወጣት ኪቦርዲስቶች ደግሞ የሚቀጥለውን ሰርግ ከመሥራታችሁ በፊት ስታይሉን አጥፉና አንድ ትዝታ በአንድ እጅ ብቻ ተጫወቱ። ያለ ማሽኑ የሚያንጎራጉር ከሆነ ሥራችሁን ይዛችኋል፤ ካላንጎራጎረ ማሽኑ አያድናችሁም።