የብዕራችን አበባና የጓሮው ጎመን

በመስከረም የሚወጣ መጽሔት ከሩቅ ይታወቃል። ሽፋኑ ላይ አደይ አበባ አለ፤ ውስጡ ደግሞ ስለ አደይ አበባ የተገጠመ ግጥም። በአበባው ቅር አልሰኝም። ቅር የሚለኝ አበባው ከፈካበት አጥር ወዲያ ያለውን ቦታ ብዕራችን ሁልጊዜ እየዘለለ ማለፉ ነው። ጓሮውን ማለቴ ነው።

ከወቅቱ ስም ልነሣ። ብዙዎቻችን ይህን ጊዜ «ፀደይ» እንለዋለን። በአባቶች አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ዘመን መፀው ነው፤ ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ ገበሬው ሰማይ ሰማዩን እያየ መሬቱን የሚያለሰልስበት ወቅት ነው። ስሙ የተዛነፈው የፈረንጁን የአበባ ወራት ከራሳችን ጋር ስላጋባነው ይመስለኛል። ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። በፈረንጅ አገር አበባው ሲፈካ ገበሬው ገና ሊዘራ ነው። በእኛ አገር አበባው ሲፈካ ሰብሉ ማሳ ላይ ቆሟል፤ ጎተራው ግን ተሟጧል። የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ያልደረሰበት፣ እናቶች በጭንቅ የሚያሳልፉት ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ የሚያሻግረው ጓሮ ነው። ገጣሚዎቻችን «ፀደይ» ሲሉ የተዉት እንግዲህ ስሙን ብቻ አይደለም፤ በስሙ ውስጥ ያለውን ኑሮም ጭምር ነው።

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ ዛሪማን አልፎ አዲ አርቃይ ሲገባ የደጋውን ካፖርት ያወልቃል። የሰሜን ተራሮች በስተጀርባው ቆመው ይቀራሉ። በአንድ ጥቅምት እዚያ ያየሁት ጓሮ ስፋቱ ከአንድ አዳራሽ አይበልጥም። ዱባው አጥሩን ዘሎ ወጥቷል፤ በቆሎው እሸት ይዟል፤ ጌሾው፣ ጎመኑ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጤና አዳሙ እያንዳንዱ ስፍራ ስፍራውን ይዟል። ቀይ በርበሬ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። አንዲት ልጅ ወፍ ትጠብቃለች፤ ታናሽ ወንድሟ ዱባውን ጠብቅ ተብሎ እሸት ይጠብሳል። የቤቱን እመቤት ስለ እርሻው ብጠይቃቸው፣ «እርሻው የእሱ ነው፣ የኔ ልጅ፤ ጓሮው የእኔ ነው። ነሐሴንና መስከረምን ማን እንዳሻገረን ግን እሱም ያውቀዋል» አሉኝ። ይህን ሂሳብ በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ብፈልግ የማገኘው በጭላንጭል ነው።

ቋንቋችንም ቢሆን ለጓሮ አላደላም። ክብር ያለው በደጅ ነው፤ ደጃዝማቹ፣ ደጅ አጋፋሪው፣ ደጅ ጠኚው ሁሉ ስማቸውን ያገኙት ከፊት ለፊቱ በር ነው። «በጓሮ በር ገባ» ስንል ግን ሰውየውን መጠርጠራችን ነው። «ጎመን በጤና» የምንለውም ሥጋ ለቀረበት ሰው ማጽናኛ እንዲሆን ነው።

ጨርሶ አልተጻፈም ብል ግን መዋሸት ይሆንብኛል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የምናነሣው በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ ፍቅር ነው። እኔ ደጋግሜ የምመለሰው ግን ወደ መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች፣ ወደ ቦጋለ መብራቱና ወደ ውድነሽ በጣሙ ቤት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ እነዚህን ሁለት ተራ የማንኩሳ ሰዎች ትዳራቸውን፣ የአንድ ልጃቸውን መታመምና ስለቱን ሳይቸኩሉ ይተርኩልናል። ታሪኩ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ሲያመራ ያ ቤት ከኋላ ይቀራል። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ደግሞ ጎልቶ የሚሰማው በተማሪው ሙግት ብቻ አይደለም፤ የአርማንያ ሰዎች በየቤታቸው በሚያወጉት ወግም ጭምር ነው። ሁለቱ መጻሕፍት መንገዱን አሳይተውን ነበር። ብዙ ተከታይ ግን አላገኙም።

ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ ሰልፍ ወጣ፤ በየካቲት 1967 አዋጁ ታወጀ። የዘመኑ ጥያቄ የማሳው ጥያቄ ነበር፤ ደራሲው አብሮ መጮሁም ተገቢ ነው። ነገር ግን «አራሽ» ሲባል በሬ የጠመደው ወንድ ብቻ በዓይናችን ገባ። መቆፈሪያ የያዘችው ሴት ከመፈክሩም ከልብ ወለዱም ውጪ ቀረች።

ከዚህ በጥልቀት ያሰቡት የድሮዎቹ ሊቃውንት ናቸው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚውለው ዘመነ ጽጌ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌተ ጽጌን ስትቆም አበባን ከፍሬው አትለይም። ከዚያም በላይ ወራቱ የእመቤታችን ስደት፣ ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ የሸሸችው እናት መታሰቢያ ነው። ዓለማዊው ግጥማችን ከዚያ ማኅሌት አበባውን ወሰደ፤ እናቲቱን ተዋት።

ይህ ነገር ለአዲ አርቃይ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እዚያ ሲደርስ ነዋሪው ቤቱን ጥሎ የተሰደደው ልክ ጓሮው ሊያበላ በተቃረበበት ሰሞን ነው። ከተማና መንገድ ሲያዝና ሲለቀቅ በዜና ሰማን። ከዓመት ዓመት እየተለቀመ በጨርቅ ተቋጥሮ የሚቀመጥ የጎመን ዘር ሲጠፋ ግን ማን ይዘግበዋል? ያንን ጥፋት የሚያውቀውና ሊነግረን የሚችለው፣ ዘሩ የት እንደሚቋጠር ቀድሞ ያየ ጸሐፊ ብቻ ነው።

ስለዚህ በመጪው መስከረም ብዕር ለሚያነሡ ወዳጆቼ አንድ ልመና አለኝ። አደዩን ግጠሙት፤ አልከለክልም። ብቻ ስንኙን ከመዝጋታችሁ በፊት በጓሮ በር ገብታችሁ፣ በዚያ ሰሞን በዚያ ቤት ምን እንደሚበላ ጠይቁ።